በመስኮት ነው የወረወሯቸው

ዛሬ ያየሁት የታሪክ ትርጉም ረቂቅ «የፕራግ ዲፈነስትሬሽን»ን «ከሥልጣን ማውረድ» ብሎታል። ለዘንድሮ ጋዜጣ እንግሊዝኛ ያስኬድ ይሆናል፤ ለፕራግ ግን አይሆንም። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ «ፌኔስትራ» መስኮት ነው፣ «ዴ» ደግሞ «ከ»።

እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 1618 የቦሄሚያ (የዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ክፍል) ፕሮቴስታንት መኳንንት ሁለት የንጉሡን እንደራሴዎችና ጸሐፊያቸውን ፋብሪሲየስን አንጠልጥለው ከቤተ መንግሥቱ መስኮት ለቀቋቸው። ከፍታው 20 ሜትር ገደማ፤ ሦስቱም ተረፉ! ጸሐፊው ኋላ የመኳንንት ማዕረግ ሲሰጠው «ፎን ሆኸንፋል» ተባለ፣ «ዘከፍተኛ አወዳደቅ» እንደ ማለት። (ስም አውጪው ተረበኛ ሳይሆን አይቀርም።) ረቂቁ መስኮቷን ስለዘጋት ይህ ማዕረግ ከየት እንደመጣ አንባቢው አይገባውም። «በመስኮት ውርወራ» ቢባል ምን ነበረበት? እ.ኤ.አ. በ1419 እዚያው ፕራግ የተወረወሩት የከተማ ሹማምንት ግን አልተረፉም።