እበት፣ ኩበት እና የ20 ዓመት ዋጋ

በገበሬዎች መብትና ጥቅም ላይ የምንሠራ ጥቂት ሰዎች ሆነን ሰሜን ጀርመንንና ዴንማርክን በጎበኘንበት ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ልቤን የሳበው እበት ነበር። በደሴ ዙሪያ ባሉት ደጋ ቀበሌዎች እናቶች በበጋ እበት ጠፍጥፈው፣ በድንጋይ ካብ ላይ አድርቀው ለክረምት ማገዶ ሲከምሩ እያየሁ አድጌአለሁ። ስለዚህም አንድ ጀርመናዊ ገበሬ የላሞቹን እበት በትልቅ የታሸገ ጋን ውስጥ አብላልቶ፣ በሚወጣው ጋዝ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ሲሸጥ፣ ዝቃጩንም መልሶ ለማሳው ፍግ ሲያደርገው ባየሁ ጊዜ፣ ከመሣሪያው ይልቅ ስለ ሕጉ መጠየቅ ጀመርሁ።

ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው የታዳሽ ኃይል ሕግ የኤሌክትሪክ መሥመሩን የሚያስተዳድረው ድርጅት ከገበሬው የሚመጣለትን ኃይል እንዲቀበል ያስገድድ ነበር፤ ዋጋውም ለ20 ዓመት የጸና ነበር። ገበሬው ይህን ተማምኖ ባንክ ሄዶ ይበደራል። የጉዞው ዋና ትምህርት ለእኔ ይህ ነው፤ ድጋፉ በሕግ የተጻፈ በመሆኑ በጀት ሲዘጋ አብሮ አይዘጋም።

ሆኖም ሕጉ ጥፋትም ነበረበት፤ ይህንንም የነገሩን አስጎብኚዎቻችን ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሻሻል ለኃይል ተብሎ ለሚዘራ ሰብል ተጨማሪ ክፍያ ስለተፈቀደ፣ ብዙ ማሳ በበቆሎ ተሸፈነ፤ በየአካባቢው የመሬት ኪራይ ናረ፤ ወተት ብቻ የሚሸጠው ገበሬም ከጋዝ አምራቹ ጋር መሬት ለመከራየት መወዳደር አቃተው። በ2012 ማሻሻያ ወደ አዳዲስ የጋዝ ማምረቻ ጣቢያዎች የሚገባው የበቆሎ ድርሻ በ60 በመቶ ተገደበ፤ ቢያንስ 80 በመቶ እበትና ፍግ ለሚጠቀሙ፣ ከ75 ኪሎዋት ለማይበልጡ ትንንሽ ጣቢያዎች ደግሞ የተለየ ዋጋ ወጣላቸው። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከአእምሮው ባልወጣው በወሎ፣ ምግብና ማገዶ በአንዲት ጠባብ ማሳ ላይ እንዲሻሙ የሚያደርግ ፖሊሲ ቢመጣ ምን እንደሚከተል ሳስበው እፈራለሁ።

ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2024 በተደረሰው ስምምነት፣ ከ2030 ጀምሮ ከብቶች በሚያወጡት፣ የአየር ንብረትን በሚያዛባ ጋዝ ላይ ግብር ለመጣል ወስናለች። ጥቂት ከብት ላለው የእኛ ገበሬ ይህ ግብር የሚታሰብ አይደለም። ነገር ግን የገበሬዎቹ ማኅበር ከመንግሥትና ከተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ተደራድሮበታል፤ እኛ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠራው ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ለማብራሪያ ነው።

አገራችንም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የቤተሰብ ባዮጋዝ ፕሮግራም፣ ማለትም በየጓሮው በጉድጓድ ከተብላላ እበት የማብሰያ ጋዝ የሚያወጣ ፕሮግራም አላት፤ ሥራው መልካም እንደሆነ በዓይኔ ያየሁት ነው። ይሁንና አንድ ቤተሰብ አራት ያህል ከብት፣ በየቀኑም ከእበቱ ጋር እኩል የሆነ ውሃ ያስፈልገዋል። በልግ ሲቀር መኖ ያጥራል፤ መኖ ሲያጥር ከብቱ ይሸጣል፤ ከብቱ ሲሸጥ ጉድጓዱ ይደርቃል። የአየር ንብረቱ ጉዳይና የማገዶው ጉዳይ በአንድ ጓሮ ውስጥ ተያይዘው ሳለ፣ በየራሳቸው ጽሕፈት ቤት ለየብቻ መታቀዳቸው እጅግ ያሳዝነኛል።

ከተመለስሁ በኋላ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ባዮጋዝ ያስገቡ አንዲት እናት ቤት ገብቼ ነበር። ስለ ጀርመኑ ገበሬ ስነግራቸው በጥሞና ሰሙኝ፤ ቡናም አፈሉልኝ። ኩበቱ ግን አሁንም በጓሮው ተከምሮ ስላየሁ ምክንያቱን ጠየቅኋቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ጋዙ ቡናዬን ያፈላልኛል፤ ወጤንም ያበስልልኛል። ምጣዴን ግን አይችለውም። ኩበቱን ሳነደው መሬቴ እንደሚራብ አጥቼው አይደለም፤ ታዲያ እንጀራውን በምን ልጋግረው?»

ለዞኑ ባለሙያዎች የምናቀርበውን ጽሑፍ በእሳቸው ጥያቄ ጀምሬዋለሁ።