ስፒከሩን ያጠፋሁ ቀን

ደሴ ውስጥ በአንድ የሕፃናት ማቆያ ሞግዚት ሆኜ እሠራለሁ። አንድ ልጅ አለን፤ ሁለት ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። ኦቲዝም እንዳለበት ሐኪም ለቤተሰቡ ነግሯቸዋል። ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም። ቻው ሲሉት እጁን አያነሳም። ሌሎቹ ሲያጨበጭቡ እሱ ጥግ ይዞ የለስላሳ ቆርኪ ይደረድራል።

እናቱ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች። "ዘፈን ሲሰማ ፀጥ ይላል" ብላኝ ነበር። ይህችኑ ይዤ አንድ ጠዋት ትልቁን ስፒከር አመጣሁ። ልጆቹን ክብ ሠርቼ እሱን መሃል አስቀመጥኩት። "እየኝ! አጨብጭብ!" እያልኩ ሁለት እጁን ይዤ አጨበጨብኩለት።

ጆሮውን ያዘ። ከዚያ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ጎትቼ ላወጣው ስል ክንዴን ነከሰኝና ግንባሩን ከወለሉ ጋር ያጋጭ ጀመር። ያኔ ነው ስፒከሩን ያጠፋሁት። እናቱ ገበያዋን ጥላ መጣች። ግንባሩ አብጧል። ይቅርታ ስላት "አብሽሪ፣ ለሱ ብለሽ እኮ ነው" አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በሳምንቱ ሥልጠና የምትሰጠን ባለሙያ ስትመጣ ሁሉንም ነገርኳት። ለኛ ሞቅ ያለ ድምፅ ለብዙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ሕመም ሊሆን እንደሚችል አስረዳችኝ። ቀጥላ "እሱ አንቺን እንዲያስመስል ትፈልጊያለሽ፤ አንቺስ እሱን አስመስለሽው ታውቂያለሽ?" አለችኝ። አላውቅም ነበር።

ብሩክ ኢንገርሶልና ላውራ ሽራይብማን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2006 በፈረንጆች አቆጣጠር ያሳተሙትን ዘዴ ነገረችኝ። መጀመሪያ አዋቂው ልጁ የሚሠራውን ይሠራል። ተራ መቀባበሉ ሲለመድ አንድ አዲስ ነገር ያሳየዋል፤ እስከ ሦስት ጊዜ። ካልሠራ እጁን በቀስታ ያግዘዋል፤ ከሠራ ያመሰግነዋል።

በማግስቱ ከጎኑ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የጦሳ ተራራ ጉም መስኮቱን ሸፍኖታል፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ቆርኪውን በጀሪካን ክዳን ላይ ሦስት ጊዜ መታ። ቀው፣ ቀው፣ ቀው። እኔም ሌላ ቆርኪ አንስቼ ሦስት ጊዜ መታሁ። እጁ አየር ላይ ቆመ። ፊቴን አላየም፤ እጄን ነው ያየው። ሁለት መታ። ሁለት መታሁ። ከዚያ አንድ ብቻ መታና ጠበቀ። አንድ መታሁ። ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ። ቅጽበት ናት፤ ግን ማንም "እየኝ" ሳይለው ነው ያየኝ።

ከዚያ ወዲህ ያችን ሦስት ምት ዜማ አደረግኳት። የወሎ ልጅ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ሳንጎራጉር የሚመጣልኝ ባቲ ቅኝት ነው። ስሙን እያስገባሁ ቀስ ብዬ አንጎራጉርና ምቱ ጋ ስደርስ ዝም እላለሁ። ዝምታው የሱ ተራ ነው። ቸኩዬ ልሞላው የሚቃጣኝ ጊዜ ብዙ ነበር። አፌን ይዤ ጠበቅኩ። ስምንት ቀን ያህል ቆይቶ ሦስቱን ምት ራሱ ሞላት።

አያቱ "በዘፈን ይድናል ማለት ነው ልጄ?" ብለው ጠየቁኝ። አይደለም እማማ፣ አልኳቸው። በ2017 በፈረንጆቹ የታተመ፣ በ9 አገሮች 364 ልጆችን ያሳተፈ ጥናት በሙዚቃ ሕክምና የኦቲዝም ምልክቶች ክብደት እንደሚቀንስ አላገኘም። ልጆቹ ከ4 እስከ 7 ዓመት ነበሩ፤ ከኛው ልጅ ይበልጣሉ። ቢሆንም ለአንዲት እናት እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ተስፋ አልሰጥም። ዜማው ለኛ መገናኛ በር ሆነልን፤ ይኸው ነው።

ቻው ማለትንም በዚያው ዜማ አስገባነው። ባለፈው ሐሙስ እናቱ ልትወስደው መጣች። በሩ ላይ አንጎራጎርኩና እጄን አወዛወዝኩ። እሱም እጁን አነሳ፤ መዳፉን ወደ ራሱ ፊት አዙሮ አወዛወዘ። የኔ መዳፍ ለሱ የሚታየው እንደዚያ ነዋ። ላስተካክልለት እጄን ስዘረጋ እናቱ ቀደመችኝ። ዘንቢሏን አስቀምጣ ተንበረከከች፤ የራሷንም መዳፍ እንደሱ ወደ ፊቷ አዙራ አወዛወዘችለት።