የሚሟሟው ብሎን የት ገባ?

ታይታኒየም የገባበትን አጥንት ራጅ ማንሳት ደስ ይለኛል። ፕሌቱ (ስብራቱን የሚይዘው ጠፍጣፋ ብረት) ጥርት ብሎ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ የብሎኖቹ ጥርስ ሳይቀር ይቆጠራል። ተሰብሮ ወይም ተንሸራቶ ከሆነ ሐኪም ባልሆንም አየዋለሁ። ጣጣው የሚመጣው አጥንቱ ከገጠመ በኋላ ነው። ብረቱ ይውጣ ከተባለ (ልጅ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይባላል) ሌላ ቀዶ ሕክምና፣ ሌላ ማደንዘዣ ይከተላል። ከደላንታ ወይም ከመካነ ሰላም እንደገና ደሴ ድረስ መምጣት፣ አልጋ መያዝ፣ አስታማሚ ማብላት አለ። ሥራውን ጨርሶ በራሱ የሚሟሟ ብሎን ተገኘ ሲባል ከማንም በፊት ደስ ሊለው የሚገባው የእኛ አገር ሰው ነው።

እንደ ራጅ ባለሙያ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ይሄን ነገር በምን ላየው ነው?

ባለፈው ክረምት ከጅዳ የተመለሰች አንዲት ወጣት ከእናቷ ጋር መጣች። ደረጃ ላይ ወድቃ የጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ እዚያው ተሠርቶላታል። የያዘችው ወረቀት በዐረብኛ ነው። ወሎ ውስጥ ዐረብኛ የሚያነብ ሰው አይጠፋምና ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንድ ሸህ "የሚሟሟ ብሎን" ይላል ብለው አነበቡልን። ፊት ለፊትና በጎን አነሳኋት። ስክሪኑ ላይ ብሎን የሚባል ነገር የለም። የጭን አጥንቷ ጫፍና የቅልጥሟ ራስ ውስጥ ሰያፍ የተቆፈረ ጠቆር ያለ ቱቦ ይታያል፤ ዳርና ዳሩን ስስ ነጭ መስመር ይዞታል። በቃ፣ ይሄው ነው።

"ብሎኑስ?" አሉ እናትየዋ በትከሻዬ ላይ ተንጠራርተው።

"አለ እማማ፤ በራጅ ስለማይታይ ነው።"

"ወላሂ፣ ሳያስገቡላት ነው ያን ሁሉ ሪያል የበሏት!"

"አብሽሩ እናቴ" አልኩ እንጂ በእጄ ማስረጃ አልነበረኝም። ተሟሙቶ አልቋል? ቦታውን ለቋል? ለሁለት ተሰብሯል? ሐኪሙ ሊያውቅ የፈለገውም ይህንኑ ነበር።

እነዚህ ብሎኖች ብዙዎቹ የሚሠሩት ፖሊላክቲክ አሲድ ከተባለ ፕላስቲክ ነው። ሰውነት ውስጥ በውሃ እየተበጣጠሰ ላክቲክ አሲድ፣ በመጨረሻም ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ነው እንግዲህ፤ ሥጋችንም በአብዛኛው ከእነዚሁ ነው፣ ራጅ ሁለቱን አይለይም። ራጅን የሚያስቀረው ከባድ አቶም ነው። የአቶም ቁጥሩ እጥፍ ሲሆን የመምጠጥ ኃይሉ ስምንት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ካርቦን 6፣ ካልሲየም 20፣ አዮዲን 53፣ ታንታለም 73፣ ቢስሙዝ 83 ነው። አጥንት የሚነጣው በካልሲየሙ ነው፤ ለጨጓራ ራጅ ባሪየም የምናጠጣውም ለዚሁ ነው።

ስለዚህ የሚሟሟው ነገር ላይ ከባድ ነገር መጨመር ግድ ነው። ቀላሉ ዘዴ ጫፍና ጫፉ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደውና በዓመቱ ከገበያ የወጣው (የወጣው በሌላ ምክንያት ነው) አብዞርብ የተባለ የሚሟሟ የልብ ደም ሥር ስቴንት (የጠበበ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) በሁለቱም ጫፎቹ የፕላቲነም ነጥቦች ነበሩት። የት እንዳለ ያሳያሉ፤ መሃሉ ቢሰበር ግን ወሬውን አይነግሩም። ጎጆን በሁለት ምሰሶ እንደ መገመት ነው።

ሌላው ዘዴ የባሪየም ወይም የቢስሙዝ ዱቄት ከፕላስቲኩ ጋር መለወስ ነው። ሲያንስ አይታይም፣ ሲበዛ ደግሞ ብሎኑን ተሰባሪ ያደርገዋል። ፋንተም የተባለው ስቴንት ሠሪዎች አዮዲኑን ከራሱ ከፕላስቲኩ ሞለኪውል ጋር በኬሚካል አሰሩት፤ ስለዚህ ስቴንቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል። እጥረቱ ደጋው ላይ እንቅርት የሚያመጣው አዮዲን እዚህ ብርሃን ሆኖ ማገልገሉ ደስ ይለኛል።

አሁን ተመራማሪዎች ብዙ የሚሞክሩት ናኖ የሚባሉ ደቃቅ የታንታለም ቅንጣቶችን ነው። ታንታለምን ሰውነት አይጠላውም፤ ጥቃቅን እንክብሎቹን አጥንት ውስጥ አስቀምጦ የሰው ሠራሽ መገጣጠሚያን መንቀሳቀስ መለካት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተለመደ ነው። እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ፕላስቲኩ ይሟሟል፤ ታንታለሙ አይሟሟም። ስክሪኑ ላይ የማየው ነጭ ነገር ብሎኑ ሳይሆን አብሮት የገባው እንግዳ ነው። እንግዳው ቀድሞ ከሄደ ብሎኑ ሳያልቅ "አልቋል" ብዬ እጽፋለሁ፤ ቆይቶ ከቀረ ደግሞ የሌለውን ብሎን "አለ" እላለሁ። የሚሄድበት ቦታም ያሳስባል። ከ5 ወይም ከ6 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮነኛ ነው) የማይበልጠው በኩላሊት ይጣራል፤ ከዚያ የሚተልቀው ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ ታየ ተብሎ ብቻ አይጨበጨብም። ንጣቱ ከብሎኑ ጋር እኩል መደብዘዝ አለበት፤ ይህን በሚዛን ለክቶ ያሳየ ሥራ ሳገኝ ነው የማምነው።

የማግኒዥየም ብሎን ደግሞ የራሱ አመል አለው። በደብዛዛው ይታያል፣ ሲሟሟ ግን የሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ ዙሪያው ጥቁር ጥላ ይመጣል። የማያውቅ ሰው ኢንፌክሽን መስሎት ሊደነግጥ ይችላል።

ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ እንደ ልብ በሚነሳበት አገር ይህ ሁሉ ያን ያህል ላያስጨንቅ ይችላል። እኛ ዘንድ ከገጠር የመጣ ሰው አቅሙ የሚችለው ያችኑ አንዲት ራጅ ነው፤ በእሷ ካልታየ አልታየም።

እስከዚያው ውጭ አገር የተሠራችሁ ወገኖቼ፣ ወረቀቱን አትጣሉ። በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ምን እንደገባና መቼ እንደገባ የተጻፈበትን ይዛችሁ ኑ። ማዘዣው ላይ "ጉልበት፣ ፊትና ጎን" ብቻ ተጽፎ ሲመጣ ያ ጥቁር ቱቦ የምን እንደሆነ ሐኪሙም እኔም የምናውቅበት መንገድ የለንም።