ቁርጭምጭሚቴ ከገና እስከ ጥምቀት

የሩጫ ጓደኞቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? ኅዳር 10 ጠዋት ባሕር ዳር ስሮጥ ወድቄ የቀኝ ቁርጭምጭሚቴ የውጪ አጥንት መሰንጠቁን ሰምታችኋል። ስድስት ሳምንት በጀሶ ቆይቼ ታኅሣሥ 22 ተፈታልኝ። በማግስቱ ለበዓሉ ደብረ ማርቆስ፣ እናት አባቴ ቤት ገባሁ። ከመካከላችሁ አንዱ ቢጎዳ ይጠቅመው እንደሆነ ብዬ የሆነውን ልንገራችሁ።

ጀሶው ሲፈታ ባቴ ከስቶ፣ ቁርጭምጭሚቴ ደርቆ ነበር። መለኪያዬ ግድግዳ ነው፦ ፊት ለፊቱ ቆሞ፣ ተረከዝ ሳይነሣ ጉልበትን ማስነካት፤ ከዚያ ከአውራ ጣት እስከ ግድግዳው ያለውን መለካት። ግራዬ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ቀኜ 2።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እግሬን ዘርግቼ በአውራ ጣቴ አየር ላይ ፊደል እንድጽፍ አዝዛኝ ነበር። ይህን ሥራ የእህቴ ልጅ ወሰደችው። ዘንድሮ ነው ፊደል የጀመረችው። ገበታዋን ይዛ መደቡ ላይ አጠገቤ ትቀመጥና በስንደዶ እየጠቆመች «ሀ በዪ! ሁ በዪ!» ትለኛለች፤ እኔ በአፌ እያልኩ በእግሬ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ቀን «ለ» ላይ ደከምኩ። በሦስተኛው «ሐ» ስደርስ «አክስቴ፣ የመሃሏን እግር ረሳሻት» ብላ መለሰችኝ። እውነቷን ነው፤ ቁርጭምጭሚቴ ወደ ውጪ መዞር ስለከበደው መስመሩን እየዘለልኩት ነበር። ብቻዬን ብሆን አላስተውለውም።

እማምዬ ወጌሻ ይምጣ ብላ አጥብቃ ለምናኝ ነበር። ራጁ አጥንቱ በቦታው መሆኑን ስላሳየ፣ መታሸቱ ይጎዳኛል ብዬ በአክብሮት እንቢ አልኳት። በሌላ ተክሳኛለች፤ ጾሙ እስኪፈታ ጠዋት ጠዋት አብሽ፣ ከገና ወዲያ ደግሞ ቅልጥም አልቀረብኝም።

በገና ዋዜማ ጥፋት ሠራሁ። በየዓመቱ የዶሮው ሥራ የእኔ ነው፤ ቁጭ ብዬ ልርዳ ብዬ ዱካ ላይ ተቀምጬ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ዶሮዋን ዐሥራ ሁለት ብልት ሳወጣ ሁለት ሰዓት ሙሉ እግሬ ተንጠልጥሎ ቆየ። ማታ ጫማ አልገባልኝም። አባቴ ምንም ሳይናገር ሁለት ትራስ ደራርቦ እግሬን ከፍ አደረገልኝና በረዶ በፎጣ ጠቅልሎ አመጣ። ለካ መቀመጥ ብቻውን ዕረፍት አይደለም፤ እግሩ ከልብ ከፍ ማለት አለበት። በማግስቱ ጠላና ዳቦው የመጣልኝ ከተኛሁበት ነው፤ እኔ ቆሜ ሳላስተናግድ ያለፈ ገና ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ከሕመሙ ይልቅ እሱ ከበደኝ። አብሮ አደጎቼ ግን ሌላ ቤት ሊሄዱ ያሰቡትን ትተው እስኪመሽ ከአጠገቤ አልተነሡም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በክራንች የምትሄዱ ከሆነ ለበዓል የተጎዘጎዘ ቄጠማ ላይ አትርገጡ። የክራንቹ ጫፍ እርጥብ ሣር ላይ አይይዝም። አንዴ ግድግዳ አትርፎኛል። እህቴ ከመኝታዬ እስከ በሩ ያለውን ጠርጋ መንገድ አበጀችልኝ።

በከተራ ዕለት ክራንቹን ትቼ በአባቴ ከዘራ ወጣሁ። አባቴ «በሚያምሽ በኩል ያዢው» አለኝ። ባለሙያዋ ግን ያስያዘችኝ በተቃራኒው ነው፦ ቀኝ እግር ከታመመ ከዘራው በግራ እጅ፤ ከታመመው እግር ጋር እኩል ይሰነዘራል። ሁለቱንም እየሄድኩ አሳየሁት። አየና «በግራው አታነክሺም» ብሎ ተቀበለኝ። ታቦታቱን አጅበን ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ስንወርድ አንደኛዋ ጓደኛዬ በርጩማ ተሸክማ ነበር፤ አራት ቦታ አሳርፈውኛል። ሰዉ እልል እያለ ሲያልፈን እነሱ ከበውኝ ቆሙ። ማታ እብጠት የለም።

ጥር 20፣ ባሕር ዳር ተመልሻለሁ። ግድግዳው 7 ሴንቲ ሜትር። በቀኝ እግሬ ብቻ 30 ሰከንድ እቆማለሁ። በሁለት እግር ተረከዝ ማንሣት 15 ጊዜ፤ በቀኙ ብቻ ገና አንድም አልተሳካልኝም። እሱ ሳይሳካልኝና ሐኪሙ ሳይፈቅድ ሩጫ አልጀምርም፤ የቅዳሜውን ዙር ያለእኔ ሂዱ።

የእህቴ ልጅ ማታ ማታ ትደውላለች። ትናንት ስልኩን እንዳነሣሁ «ዛሬ ከየት ነው የምንጀምረው?» አለችኝ።

«ከጠ» አልኳትና እግሬን ዘረጋሁ።