ቀዝቃዛዋ ቱቦ እና የናይትሪክ ኦክሳይድ ሙከራዬ

አባቴ ደረቱን ጨምድዶ ሲይዘው ምላሱ ሥር የሚያደርጋት ትንሽ ክኒን አለችው። ናይትሮግሊሰሪን ናት። አንድ ቀን በስልክ «ልጄ፣ ይቺ ክኒን እንዲህ ቶሎ የምታስታግሠኝ ምን ሠርታ ነው?» አለኝ። «ሰውነትህ ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ትሆናለች፤ ጋዙ የደም ሥርህን ያላላዋል» አልኩት። መልሱ ትክክል ነው። እኔን ግን ሌላ ጥያቄ ያዘኝ። ይህ ጋዝ የደም ሥር ከማላላት አልፎ የልብን ሕዋስ ራሱን ከሞት ይጠብቃል? የምርምር ሥራዬን በዚህ ላይ ጀመርኩ።

ነገሩ ጥሩ መነሻ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1986 ሙሪ፣ ጄኒንግስና ሬይመር የውሻ ልብን አንድ የደም ሥር ለአምስት ለአምስት ደቂቃ አራት ጊዜ ዘግተው ከፈቱ። ከዚያ ለ40 ደቂቃ ዘጉት። የሞተው የልብ ክፍል ዝግጅት ካላገኙት ልቦች ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ብቻ ሆነ። ልብ አስቀድሞ ትንሽ ሲፈተን ራሱን ያዘጋጃል ማለት ነው። ይህን መልእክት ከሚያደርሱት አንዱ ናይትሪክ ኦክሳይድ እንደሆነ በኋላ ታየ።

ሰው ብዙ ጊዜ ልብን የሚገድለው የደም መቋረጥ ብቻ ይመስለዋል። ደሙ ሲመለስም ይገድላል። ኦክስጅን በድንገት ሲገባ የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ የሆነው ሚቶኮንድሪያ ጎጂ የኦክስጅን ውጤቶችን ያመነጫል፤ ካልሲየም ሕዋሱን ያጥለቀልቀዋል፤ የሚቶኮንድሪያው ሽፋን ላይ አንድ ቀዳዳ ይከፈታል። ቀዳዳው ተከፍቶ ከቀረ ሕዋሱ አለቀለት። ናይትሪክ ኦክሳይድ ጓኒሌት ሳይክሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፤ እሱ ሳይክሊክ ጂኤምፒ የተባለ መልእክተኛ ሞለኪውል ይሠራል፤ ያም «ፕሮቲን ካይኔዝ ጂ» የተባለውን ሌላ ኢንዛይም ያነሳል። የሰንሰለቱ መጨረሻ ያ ቀዳዳ እንዳይከፈት ማገዝ ነው። ጋዙ በሌላ መንገድም ይሠራል፤ የሚቶኮንድሪያ ፕሮቲኖች ላይ በቀጥታ ተለጥፎ ለጊዜው ፍጥነታቸውን ይገታል። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ዕድሜው በሰከንድ የሚቆጠር ጋዝ ይህን ሁሉ ያደርጋል።

የሠራሁት በአይጥ ልብ ነው። አይጧ በሰመመን ላይ እያለች ልቧ ይወጣና በዋናው የደም ሥር በኩል ከቱቦ ጋር ይታሰራል። 37 ዲግሪ የሞቀ፣ ኦክስጅን የጠገበ ፈሳሽ ይገባለታል። ኦስካር ላንገንዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1895 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ልቡ ብቻውን መምታቱን ይቀጥላል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። ፈሳሹን ለ30 ደቂቃ አቋርጣለሁ፤ ከዚያ ለሁለት ሰዓት እመልሳለሁ። ልቡን ቆራርጬ ማቅለሚያ ስነክረው በሕይወት ያለው ይቀላል፣ የሞተው ይገረጣል።

ስናፕ የተባለውን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚለቅ ኬሚካል ከመቋረጡ በፊት ስሰጥ ውጤቱ አስደሰተኝ። ቁራጮቹ ቀይ በቀይ ነበሩ። ለአማካሪዬ እየሮጥኩ አሳየሁ። አማካሪዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ልቡ ላይ ያለው ሙቀት ስንት ነው?»

የለካሁት ጠርሙሱን ነበር። ስናፕ ብርሃን ስለሚያበላሸው በፎይል በተጠቀለለ ሌላ ጠርሙስ ነው የማስቀምጠው። ከዚያ ጠርሙስ ወደ ልቡ የሚወስደው ረጅም ቱቦ ግን ምንም ማሞቂያ አልነበረውም። ቀጭን መለኪያ ልቡ አጠገብ አስገባሁ። 35 ዲግሪ። የቀዘቀዘ ልብ ኦክስጅን ብዙ አይፈልግም፣ ስለዚህ ጉዳት ይቀንስለታል። ለማነጻጸሪያ የያዝኳቸው ልቦች ደግሞ በሞቀው ዋና ቱቦ ብቻ ነበር የሚያገኙት። የወራት ሥራ ጣልኩ። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እንደገና ስጀምር ማነጻጸሪያዎቹም መድኃኒት የሌለውን ፈሳሽ በዚያችው ቱቦ አገኙ። ቱቦዋን በሙቅ ውኃ ሸፈንኩ። ቁራጮቹን የሚለካው ባልደረባዬ የትኛው የትኛው እንደሆነ አያውቅም ነበር። ጥበቃው አልጠፋም፤ ግን በጣም አነሰ። ጓኒሌት ሳይክሌዝን የሚዘጋ መድኃኒት ስጨምር ጥበቃው ሄደ። ያኔ ነው ያመንኩት።

መጠኑን ስጨምር ደግሞ ጥቅሙ ጠፋ። ናይትሪክ ኦክሳይድ ከጎጂዎቹ የኦክስጅን ውጤቶች አንዱ ከሆነው ከሱፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ፐሮክሲናይትራይት ይሆናል፤ እሱ ሕዋስን ያጠቃል። ተጨማሪ መስጠት ይሻላል የሚል ተመራማሪ ካለ መጀመሪያ የመጠን ሙከራውን እንዲሠራ እለምናለሁ።

ሰው ላይ መንገዱ ረጅም ነው። ናይአሚ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሀርት አታክ) የደረሰባቸው ሰዎች የተዘጋው የደም ሥር ሊከፈት ሲል ሶዲየም ናይትራይት በደም ሥር ሰጥቶ የሞተውን ክፍል መቀነስ አልቻለም። ይህን ካነበብኩ በኋላ የጊዜው ጉዳይ አሳሰበኝ። በሽተኛ ሆስፒታል የሚደርሰው መዘጋቱ ከጀመረ በኋላ ነው፤ እኔ ግን አስቀድሜ እየሰጠሁ ነበር። አሁን መድኃኒቱን የምሰጠው ፈሳሹ ሲመለስ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ልቡ ላይ ያለው መለኪያ 37 ሳይል ምንም አልጀምርም።