የታቦር ቤት

ዛሬ በኢየሩሳሌም ከኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ወጥተን በነቢያት ጎዳና ስናልፍ፣ አብረውኝ የነበሩት አባ ከአንድ የድንጋይ ቤት ፊት ቆም ብለው ማን እንደ ሠራው ጠየቁኝ። ጀርመናዊው ኮንራድ ሺክ እ.ኤ.አ. በ1882 ለቤተሰቡ እንዳነጸውና «ታቦር» የሚለውን ስም ከመዝሙረ ዳዊት እንደ ወሰደለት ስነግራቸው፣ ወዲያው «ታቦር ወአርሞንኤም በስመ ዚአከ ይትፌሥሑ» (ታቦርና አርሞንኤም በስምህ ደስ ይላቸዋል) ብለው በዜማ ጀመሩት። በደብረ ታቦር በዓል የሚሰበከው ምስባክ ነው፤ አባም እስከ መጨረሻው ሳያደርሱት ከዚያ አልተንቀሳቀሱም።

ሺክ በሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት ያላለፈ የእጅ ባለሙያ ሲሆን፣ በ1846 በስዊዘርላንድ ከባዝል ከተማ አቅራቢያ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን ተልኮ መጥቶ፣ የሜአ ሸዓሪምን ሰፈር ንድፍ እስከ ማውጣትና የቤተ መቅደሱን ተራራ ሞዴሎች እስከ መሥራት ደርሷል። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ያው ሚሲዮን ካሠለጠናቸው የእጅ ባለሙያዎች አንዳንዶቹ ወደ አገራችን መጥተው፣ ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ በጋፋት፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ካቀለጡት መካከል መሆናቸው ነው። ሺክ በ1901 እስኪያርፍ ድረስ በኢየሩሳሌም ሲያንጽ ኖረ፤ የጋፋቶቹም በመድፍ ፋንታ ለሕንፃ ብቻ ቢታዘዙ ኖሮ ምን ትተውልን ይሆን እያልኩ አስባለሁ።