በፖ ሜዳ ላይ ብርቱ ነጎድጓድን መተንበይ፦ የሁለተኛው ዓመት ማስታወሻዬ

በሰሜን ጣሊያን፣ በፖ ወንዝ ሜዳ ላይ የሚወርደውን ብርቱ ነጎድጓድ መተንበይ መለማመድ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እኛ ክረምት የምንላቸው ሰኔና ሐምሌ እዚህ የሐሩር ወራት ሲሆኑ፣ አገሬውን የሚያስጨንቀው ትልልቅ በረዶም በአብዛኛው የሚወርደው ያን ጊዜ ነው። ይህን ትምህርት ለጀመራችሁ ወዳጆቼ ይጠቅማል ብዬ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ያሳሳተኝን ነገር እጽፋለሁ።

በዚያ ዓመት የምመለከተው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። ባለሙያዎች ኬፕ የሚሉት ይህ ቁጥር፣ ሞቃትና እርጥብ አየር ሽቅብ ቢነሣ ምን ያህል ጉልበት እንደሚያገኝ በጁል በኪሎግራም የሚገልጽ ነው። ከ2000 በላይ ባየሁ ቁጥር «ዛሬ ብርቱ ነጎድጓድ ይኖራል» ብዬ በደብተሬ አሰፍር ነበር። አንድ የሐምሌ ቀን ቁጥሩ 3000 ገደማ ደርሶ ሰማዩን ስጠብቅ ዋልኩ፤ በአልፕስ ግርጌ በኩል አበባ ጎመን የመሰሉ ጥቂት ደመናዎች ብቅ አሉና ፀሐይ ሳትጠልቅ ተበተኑ። አንዲት ጠብታ እንኳ አልወረደችም።

ምክንያቱን ያገኘሁት ማታ የዕለቱን የፊኛ ልኬት ስከፍት ነው። የአየር ጠባይ ፊኛ በዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊትና እኩለ ቀን ላይ ይለቀቃል፤ እየወጣ የለካው ሙቀትና የጤዛ ነጥብም (አየሩ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ወደ ጤዛ መለወጥ የሚጀምርበት ሙቀት) በሁለት መስመሮች ይሣላል። በዚያ ሥዕል ላይ የሙቀቱ መስመር 1500 ሜትር ገደማ ሲደርስ ድንገት ወደ ቀኝ ታጥፏል፤ ከፍታው ሲጨምር መቀዝቀዝ የሚገባው አየር ሞቋል ማለት ነው። ከሰሜን አፍሪካና ከስፔን ደጋማ ምድር የሚመጣ ደረቅና ሞቃት አየር፣ ከአድሪያቲክ ባሕር በሚገባው እርጥበት ላይ ሲነጠፍ እንደ ድስት ክዳን ይገጥምበታል። ክዳኑ ካልተነሣ ያ ሁሉ ጉልበት ሥራ ላይ አይውልም፤ አመሻሽ ላይ ከተነሣ ግን ቀኑን ሙሉ የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ስለዚህ ዛሬ የምጀምረው ክዳኑን የሚያነሣው ከምዕራብ የሚመጣ ቀዝቃዛ አየር ነው ወይስ ነፋሱን ሽቅብ የሚገፋው ተራራ ብዬ በመጠየቅ ነው።

ቀጥሎ ነፋሱን አያለሁ። በመሬት አጠገብና በ6 ኪሎሜትር ከፍታ ባለው ነፋስ መካከል የሰከንድ 20 ሜትር ያህል ልዩነት ሲኖር፣ ሽቅብ የሚወጣው አየር ከሚወርደው ዝናብ ይለያል፤ ነጎድጓዱም ራሱን ሳያፍን እየተሽከረከረ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ሱፐርሴል የሚባለው ይህ ነው። በረዶውን አየር ላይ ተሸክሞ ውኃ እየደረበበት የሚያሳድገውም እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 24 ቀን 2023 በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን ባለችው በአጻኖ ዴቺሞ የወረደው በረዶ 19 ሴንቲሜትር ስፋት ነበረው፤ በአውሮፓ ክብረ ወሰን ሆኖም ተመዝግቧል። መጠኑ እንዲገባኝ በእጄ ስለካው፣ ከአንድ ስንዝሬ ብዙም አያንስም።

ያም ሆኖ የፈረንሳይዋ ደሴት ኮርሲካ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 2022 ከነጎድጓድ ጋር ያየችው ነፋስ እስካሁን ያሳስበኛል። ማሪኛና ላይ በሰዓት 225 ኪሎሜትር ተለክቷል፤ ሰዎችም ሞተዋል። ባሕሩ ከወትሮው እጅግ ሞቆ እንደነበር ይታወቃል፤ ነገር ግን የትንበያ ሞዴሎቹ ይህን ያህል ብርታት አስቀድመው አላሳዩም ነበር። የዚያን ቀን ልኬት ደጋግሜ ከፍቼ እያየሁት ነው።

አሁን ትንበያዬን ከእኩለ ቀን በፊት እጽፍና ማታ የአውሮፓ ብርቱ ነጎድጓድ ቤተ ሙከራ ከሚያሰባስባቸው ሪፖርቶች ጋር አስተያያለሁ። ሰው በማይበዛበት ተራራ ሪፖርት ስለሚያንስ፣ ሪፖርት ያልመጣበትን ቦታ ሁሉ «አልወረደም» ብዬ አልመዘግብም፤ መጀመሪያ የራዳሩን ምስል እፈትሻለሁ።